ወደ ተነሣችበት የምትመለስ መርከብ

ጋሽ መስዑድ «መርከብ» ሲሉ እኛ ከምናስበው ሌላ ነገር ነበር የሚያስቡት። ለእኛ ለባሕር ዳር የሹም አቦ ሰፈር ሰዎች መርከብ ማለት ጣና ላይ የምትመላለሰው፣ ጥቁር ጢስ የምትተፋው፣ ጤፍና ፍየል የምትጭነው ጮራ ነበረች። እሳቸው ግን ከሺህ በላይ ሰው ጭና ወር ያህል ባሕር ላይ የምትውል የምታድር መርከብ ሆድ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተው የመጡ ሰው ናቸው።

አባታቸው ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ የሐይቅ ዳር ሰው ነበሩ። መስዑድ በሃያ ዓመታቸው ከአንድ የቆዳ ነጋዴ ጋር ምጽዋ ወረዱ፤ ከምጽዋ ሳምቡክ በሚባለው የሸራ ጀልባ ኤደን ተሻገሩ። ኤደን ላይ ነዳጅ ልትቀዳ የቆመች አንዲት የእንግሊዝ መርከብ የሞተር ክፍል ሠራተኛዋ ታሞባት ሰው ትፈልግ ነበር። «ሙቀት ትችላለህ?» አሏቸው። «እችላለሁ» አሉ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሙቀት ምን እንደሆነ ሳያውቁ። ሥራቸው የሚሽከረከረውን ብረት ሁሉ በመዳፋቸው እየዳሰሱ የጋለውን ዘይት ማጠጣት ነበር። ከዚያ የተረፈ ልማድ ይመስለኛል፣ እኔ ሳውቃቸው ከሰው ጋር ሲነጋገሩ እጃቸውን ሁልጊዜ አንድ ነገር ላይ ያሳርፉ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ፣ የበር መቃን ላይ፣ የሰው ትከሻ ላይ።

መርከቧ ከእንግሊዝ ተነሥታ በስዊዝ ቦይና በኤደን አድርጋ አውስትራሊያ ትደርስ ነበር።

«ያቺ የተሠራችው ለመድረስ ነው» ይሉኝ ነበር። «አፍንጫዋ ረጅም፣ ወገቧ ጠባብ፣ ሆዷ ጥልቅ። ማዕበል ቢመጣ ቆማ አትጠብቀውም፤ ሰንጥቃው ታልፋለች። ብረቷ ወፍራም፣ በላይዋ ያለው ቤት ዝቅ ያለ። በዚህ ቀን ትገባለች ከተባለ በዚያ ቀን ትገባለች። ደብዳቤው አለ፤ ሥራ ፈላጊው አለ፤ ባሏ ዘንድ የምትሄድ ሙሽራ አለች። ሀብታሙ ላይ ነው፣ ድኻው ከነልጁ ከነድስቱ ታች ነው። ግን ሁሉም የሚሄድበት አለው።»

ኋላ አውሮፕላን መጣ። ወር የሚፈጀውን መንገድ በሁለት ቀን የሚጨርስ ነገር ሲገኝ የሚሳፈረው ሰው በየጉዞው እየሳሳ ሄደ። ባለቤቶቹ መርከቧን ሸጧት፤ የገዟት ሰዎች ነጭ ቀለም ቀቧት፣ ዕቃ መጫኛው ላይ መዋኛ ቆፈሩባት፣ የታችኛውን የድኾች ክፍል አፍርሰው አልጋ ቤት አደረጉት። ከዚያ ወዲያ ከአንድ ወደብ ትነሣና ደሴት ለደሴት ስትዞር ሰንብታ ወደ ተነሣችበት ትመለሳለች። ጋሽ መስዑድ በመጀመሪያው ሳምንት ከአንዲት አሮጊት ጋር ደረጃ ላይ ተገናኝተው በተሰባበረው እንግሊዝኛቸው «እሜቴ፣ ወዴት ይሄዳሉ?» ብለው ጠየቋት። «የትም» አለቻቸው ሴትዮዋ። ሐዘን የደረሰባት መስሏቸው «አላህ ያጽናዎት» ብለዋት ሄዱ። በኋላ ነው መርከቧ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የትም እንደማይሄድ የገባቸው።

«ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም» ይላሉ። «ለእነሱ መርከቧ ራሷ አገር ናት። ይበላሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔ ግን ሥራው አልሆነልኝም። ሞተሩን ስታቀና ውለህ የማትደርስ ከሆነ እጅህ ይሰንፋል።»

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ተመለሱ። ዘይቱናን አገቡ፤ ሙኒራ የምትባል አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ጮራ ላይ የሞተር ሠራተኛ ሆነው ገቡ። ጮራ በጣሊያን ጊዜ ከውጭ ተቆራርጣ መጥታ ጎርጎራ ላይ የተገጠመች፣ ጠባብና ጥልቅ የሆነች አሮጊት ናት። ጋሽ መስዑድ ወደዷት። ሐሙስ ሐሙስ ከባሕር ዳር ተነሥታ በዘጌ፣ በደቅ፣ በምዕራብ ዳር ባሉት ትናንሽ ወደቦች አድርጋ ጎርጎራ ትደርሳለች፤ እንደዚያው ትመለሳለች። የሚሳፈረው ሁሉ የሚሄድበት አለው።

በምዕራብ ዳር ካሉት ትናንሽ ወደቦች አንዷ ጉማሬ በር ትባላለች። ሙኒራ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ቃሲም የሚባል ዓሣ አስጋሪ አግብታ እዚያ ገባች። ጉማሬ በር መደበኛ ማቆሚያ አይደለችም። ጮራ እንድትጠጋ የሚፈልግ ሰው ካለ አንድ ደንብ አለ፤ መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ የለም። ጤነኛ ሰው በታንኳ ቀዝፎ መርከቧ ዘንድ ይሄዳል። ሕመምተኛ ወይም ምጥ የያዛት ሴት ካለች ግን ረጅም እንጨት ዳር ላይ ይተከላል፤ ጫፉ ላይ ነጭ ነጠላ ይታሰራል። አይውለበለብም፤ ተተክሎ ይቆማል፤ ሕመምተኛው ከሥሩ ይተኛል። መርከቧ ያየች እንደሆነ ከላይ ነጭ ጨርቅ ታነሣለች። «አይተናል፣ እንመጣለን» ማለት ነው። ያን ጊዜ ዳር ያለው ሰው ሌላ መላ መፈለጉን ትቶ ይቀመጣል።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጮራን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት አዲስ ኃላፊ መጣለት፤ ጓድ ሀብተ ሥላሴ ይባላል። ወጣት ነው፤ ሥራ ይወዳል፤ ካኪ ልብሱ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው። አንድ ቀን ጋሽ መስዑድን ቢሮ አስጠርቶ መጽሔት ዘረጋላቸው። ከወዳጅ አገር የመጣ ነው። ሁለት ገጽ የሞላ ነጭ መርከብ አለበት፤ ፎቅ በፎቅ ላይ፣ መስኮት በመስኮት ላይ፣ ከላይ በረድፍ የተደረደሩ ወንበሮች።

«እርስዎ ውጭ ሠርተዋል አሉ። ይህን ያውቁታል?»

«የሽርሽር መርከብ ነው።»

«እንዲህ እናደርጋታለን ጮራን! የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት እየመጣ ነው። ልዑካን ይመጣሉ። ልዑካን ከፍየል ጋር ልናሳፍር ነው እንዴ ጓድ መስዑድ?»

«ፍየሉን ማውረድ ይቻላል» አሉ ጋሽ መስዑድ። «ቤት መደረቡ ነው የሚያስቸግረው።»

ጓድ ሀብተ ሥላሴ ሳቀ። «ይኸው የፈረንጁ ሰባት ደርቦ ቆሞ የለም እንዴ? እኛ አንድ ብንደርብ?»

ጋሽ መስዑድ እጃቸውን መጽሔቱ ላይ አሳርፈው ሊያስረዱ ሞከሩ። እነዚህ አዲሶቹ ሲፈጠሩም ለሽርሽር ነው የተፈጠሩት፤ ወገባቸው ሰፊ ነው፣ ከባዱ ዕቃ ሁሉ ታች ነው፣ ከውኃ በታች እንዳይወዛወዙ የሚይዛቸው እንደ ዓሣ ክንፍ ያለ ነገር አላቸው። እንደ ጥንቶቹ አይቸኩሉም፤ ነፋስ ቢነሣ መንገድ ቀይረው ወደ ተረጋጋ ይሄዳሉ፤ የሚጠብቃቸው የለምና። ጮራ ግን የጥንቱ ዘር ናት፤ ጠባብ ናት። የእሷን ወገብ ይዞ የእነዚያን ራስ መትከል ማለት ታንኳ ላይ ቁም ሣጥን መጫን ነው።

«ማዕበልን በፊቷ ትችላለች፤ ጎኗን ከሰጠች ግን ትገለበጣለች» አሉ በመጨረሻ።

«በጽሑፍ ያቅርቡልኝ» አለ ጓድ ሀብተ ሥላሴ።

ጽሑፉን የጻፍሁላቸው የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ የነበርሁት እኔ ነኝ። ጋሽ መስዑድ እየነገሩኝ አራት ነጥብ ጻፍሁ። አንደኛው፣ ፎቅ አይጨመር። ሁለተኛው፣ ከተጨመረ ከሃያ ሰው በላይ አይውጣበት። ሦስተኛው፣ ነፍስ አድን ጀልባዋ ከቦታዋ አትነሣ። አራተኛው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ፣ ላይ ሰው እያለ፣ በምዕራብ ዳር በኩል መርከቧ በምንም ምክንያት ጎኗን ለነፋስ ሰጥታ እንዳትዞር።

ፎቁ ተጨመረ። ስልሳ ወንበር ተደረደረበት። ነፍስ አድን ጀልባዋ ተነሥታ በቦታዋ የቢራ ማቀዝቀዣ ቆመ። አራተኛዋን ነጥብ ግን መሥሪያ ቤቱ ወደዳት። በመኪና አስጻፋት፣ ማኅተም አሳረፈባት፣ በመስታወት አስገብቶ ከመሪው አጠገብ ሰቀላት፤ ከሥሯ «የሞተር ባለሙያ መስዑድ» የሚል ስም አለ።

ይህ ሥራ አምስት ሳምንት ፈጀ። አምስት ሳምንት ሙሉ ጮራ አልወጣችም፤ ምዕራብ ዳር ያለው ሰው በታንኳ ብቻ ሲንቀሳቀስ ቆየ። ሙኒራ ደግሞ ወሯ እየገባ ነበር። በስድስተኛው ወሯ ባሕር ዳር መጥታ ሆስፒታል ታይታ «ዳሌሽ ጠባብ ነው፤ ቤት ልውለድ እንዳትዪ» ተብላ ነበር የተመለሰችው። ለነገሩ የበኩር ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ዘይቱና አልጋውን አሰናድታ ትጠብቃት ነበር።

ቃሲም በታንኳ ሊያመጣት አስቦ መልእክት ላከ። ጋሽ መስዑድ በዓሣ አስጋሪዎች መልሰው ላኩበት፤ «ሐሙስ መርከቧ ትጀምራለች። ሆዷን ይዛ በደንገል ላይ ቀንና ሌሊት ከምትንገላታ ሐሙስን ትጠብቀኝ። ራሴ አመጣታለሁ።»

ረቡዕ ከሰዓት ወዲህ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሐሙሱ የመጀመሪያ ጉዞ ለልዑካን ነው፤ መርከቧ ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ደቅን ዞራ፣ በምዕራብ ዳር አልፋ በዚያው ቀን ባሕር ዳር ትመለሳለች። የትም አትቆምም። በየዳርቻው ያሉ የገበሬ ማኅበራት ሕዝቡን አውጥተው አቀባበል እንዲያደርጉ ታዟል።

ጋሽ መስዑድ ወደ ቢሮው ሮጡ።

«ጓድ ሀብተ ሥላሴ፣ ሰው ሐሙስን ይጠብቃል። ልጄም ትጠብቃለች። ጉማሬ በር አምስት ደቂቃ ብቻ እንቁም።»

«ምጥ ይዟታል?»

«አልያዛትም። ግን ወሯ ነው።»

«እንግዲያስ ሰኞ አለ። ሰኞ ለእርስዎ ስል ቀጥታ ወደዚያ እልካታለሁ፤ ቃሌ ነው።» እውነቱን ነበር፤ ሊልካት ያስብ ነበር። «ነገ ግን ፕሮግራሙ ከላይ የጸደቀ ነው። በደቂቃ የተሠራ ነው። እኔ ራሴ ብወልድ አትቆምልኝም።»

እንደ ቀልድ ነው ያለው። ጋሽ መስዑድ እጃቸውን ከጠረጴዛው ጠርዝ አንሥተው ወጡ። መልእክት የሚያደርስ ታንኳ ቢፈልጉ በዚያ ሰዓት የሚነሣ አልነበረም። ቤት ሲገቡ ዘይቱና «ምን አለህ?» አለቻቸው።

«ሰኞ አለ።»

«ሰኞ ሩቅ ነው?»

«ከሐሙስ አራት ቀን ነው።»

«አራት ቀን ትችላለች» አለች ዘይቱና፤ ያለችውን እሷም አላመነችውም።

ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ጮራ አዲሱን ነጭ ቀለሟን ለብሳ ተነሣች። ልዑካኑ ስልሳ ሦስት ናቸው፤ ሁሉም ላይ ወጡ፤ ዕይታው ያለው እዚያ ነው። የኪነት ጓዱ፣ ዘፋኙና ከበሮ መቺው ሁሉ፣ ከኋላ ተቀምጦ ይጫወታል። ጋሽ መስዑድ ታች ሞተሩ ዘንድ ሆነው የሰዉ እግር ሲያረግድ፣ መርከቧ ወደ ቀኝ ስታዘምና ቆይታ ስትመለስ ይሰማቸዋል። መርከብ ስታዘም ቶሎ ከተመለሰች ጤነኛ ናት፤ አመላለሷ ከዘገየ ግን ከብዷታል ማለት ነው። ጮራ ትዘገይ ነበር። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ቀን የመርከብ አተነፋፈስ ቆጥሬ አላውቅም ብለውኛል።

እስከ ደቅ ድረስ ውኃው ዝም ያለ ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን እንደ ወትሮው ነፋሱ ተነሣ። መሪውን የሚይዘው ካፒቴን ሣህሉ ከባሕር ኃይል የመጣ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። የመርከቧን ፊት ወደ ነፋሱ አድርጎ በምዕራብ ዳር ትይዩ መጓዝ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ከላይ ጭብጨባና ሆታ ተሰማ። ጋሽ መስዑድ ገባቸው፤ ጉማሬ በር ደርሰዋል። ሞተሩን ለረዳታቸው ትተው ደረጃውን ወጡ።

ዳርቻው በሰው ተሞልቷል። የገበሬ ማኅበሩ እንደታዘዘው ሁሉንም አውጥቷል። ባንዲራ የያዘ ባንዲራውን፣ ባንዲራ የሌለው ነጠላውን፣ ሻሹን፣ ያገኘውን ጨርቅ ያውለበልባል። ያ ሁሉ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ ሲል በመካከሉ አንድ የማይነቃነቅ ነገር አለ። ረጅም እንጨት። ጫፉ ላይ ነጭ ነጠላ። ከሥሩ ቃሬዛ፤ ቃሬዛው ዳር የተንበረከከ ሰው።

ጋሽ መስዑድ ሰውየው ቃሲም መሆኑን ከዚያ ርቀት መለየት አይችሉም። ግን ለዩት።

ወደ መሪው ቤት ገቡ።

«ሣህሉ፣ ያን ታየዋለህ?»

«አየሁት ጋሽ መስዑድ።»

«እንጨቱን?»

«እንጨቱን።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አዙራት!»

ሣህሉ እጁን ከመሪው ሳያነሣ በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከታቸው። በመስታወት ያለችው ወረቀት። «ስልሳ ሦስት ሰው ላይ ነው። ብዞር ጎኔን ነው የምሰጠው። እውነት አይደለም የሚሉኝ ከሆነ አሁን አዞራለሁ። የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ጋሽ መስዑድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። መርከቧ ወደ ግራ አዘመመች። ቆየች። ቆየችና ተመለሰች።

«ሰዉ ይውረድ» አሉ። «ታች ከወረዱ ትችላለች።»

«እሱን ለእነሱ ይንገሩ።»

ላይ ወጡ። እጃቸው ዘይት ነው፤ ሸሚዛቸው ዘይት ነው። ጓድ ሀብተ ሥላሴ ከልዑካኑ መሪ ጎን ቆሞ በአስተርጓሚ ያወራ ነበር። ሲያያቸው ፊቱ ተለዋወጠና ወደ ደረጃው ገፋ አድርጎ አወረዳቸው።

«ምን ሆነዋል? በዚህ ልብስ!»

«ልጄ ናት። ያ እንጨት ምጥ ነው። ሰዉን ለአምስት ደቂቃ ታች ያውርዱልኝ፣ ዞረን እናንሣት።»

«የቱ እንጨት?»

«ያ! ነጩ!»

ጓድ ሀብተ ሥላሴ አየ። ከልቡ ነው ያየው፤ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ። «ጓድ መስዑድ፣ ሁሉም እኮ ነጭ ነው። ሁሉም ያውለበልባል።»

«እሱ አይውለበለብም። ስለማይውለበለብ ነው!»

«አልገባኝም።»

«ጀልባዋ ብትኖር ብቻዬን በሄድሁ ነበር። ጀልባዋን ነው ያነሣችኋት!»

«ይረጋጉ። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ እንግዶች አሉ። ምግብ እየቀረበ ነው፤ ሰው ከገበታ አስነሥቼ ምን ልበላቸው? መርከቧ ልትገለበጥ ነው ልበላቸው?» ከዚያ ድምፁን ለወጥ አደረገ። «ምጥ ቢሆን ደግሞ ሕዝቡ ይናገር ነበር። ይኸው እየዘፈነ ነው።»

በዚህ መሐል ከላይ አንዲት እንግዳ ሴት የአንገቷን ነጭ ሻርፕ ፈታች። ወደ ዳር አነሣችው። የሕዝቡ ሆታ ደስ ብሏት ነው። አጠገቧ ያሉትም መሐረባቸውን አወጡ። ሁሉም ነጭ በነጭ ሆነው ለዳርቻው ሰላምታ ሰጡ።

ጋሽ መስዑድ ያን ሲያዩ «አታንሡ!» ብለው ጮኹ። በአማርኛ ነው የጮኹት፤ ከዚያ በሚያውቁት ጥቂት እንግሊዝኛ። የሰማቸው የለም፤ የኪነት ጓዱ ከበሮ አጠገባቸው ነበር። አንድ የጸጥታ ሰው መጥቶ ክንዳቸውን ያዘ፤ በትሕትና ነው የያዘው። «አባቴ፣ ይውረዱ» አላቸው።

ዳር ላይ የተንበረከከው ሰው ተነሣ። እንጨቱን ያዘ፣ ነቀለ፣ መሬት ላይ አስተኛው። መልሱን አይቷል። ከቃሬዛው ጎን ተቀመጠ።

ጋሽ መስዑድ ወደ ሞተሩ ወረዱ። ከሞተሩ ቀኝ ነዳጁን የሚዘጋው እጀታ አለ፤ ወደ ታች ሲሳብ ሞተሩ ይቆማል። ሞተር ከቆመ ፕሮግራም የለም፣ ደቂቃ የለም፣ መሥሪያ ቤት የለም። እጃቸውን እጀታው ላይ አደረጉ። ረዳታቸው አያቸው።

ሞተር ከቆመ መሪ አይሠራም። መሪ ካልሠራ ነፋሱ መርከቧን ይዞ ያዞራታል፤ ጎኗን ያሰጣታል። ላይ ስልሳ ሦስት ሰውና የኪነት ጓድ አለ፤ ብዙዎቹ ዋና አይችሉም። እጀታው ሙቅ ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደያዙት አያውቁም። መርከቧ አዘመመች፤ ቆየች፤ ተመለሰች። እንደገና አዘመመች። እጃቸውን አነሡ።

«ስለ መርከብ ምንም የማላውቅ ሰው ብሆን ኖሮ እስበው ነበር» አሉኝ ኋላ።

ባሕር ዳር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገቡ። ጋሽ መስዑድ ልብሳቸውን ሳይለውጡ ፈጣን ጀልባ ያለው ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ጀልባዋ አለች፤ ነዳጅ ለማውጣት የሚፈርመው ሰው ግን ልዑካኑን ሊያስተናግድ ሄዷል። ወደ ልዑካኑ ማረፊያ ሄዱ፤ በር ላይ አላስገቧቸውም። ወደ ጀልባዋ ተመለሱ፤ ጠባቂው ቁልፍ የለኝም አላቸው። ከዚያ ወዲያ ወደቡ ላይ ተቀመጡ። ዘይቱና ነጠላዋን ደርባ መጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች። 

ጉማሬ በር ላይ የሆነውን የሰማነው ከቃሲም ነው። ምጡ የያዛት ረቡዕ ማታ ነው። መርከቧ መልስ ሰጥታ ስታልፍ፣ ነፋሱ ስለበረታ ከነፋስ ወደሚከልል ጥግ ገብታ ልትመለስ ነው ብለው ጠበቁ። ታንኳ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ቀዛፊዎቹም ነበሩ፤ «መርከብ ይመጣ የለም እንዴ» ብለው ወደየቤታቸው አሰናበቷቸው። ሽማግሌዎቹም አልተጠራጠሩም። ነጭ ተነሥቶ መርከብ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው መርከቧ በዚያው ባሕር ዳር መግባቷን የተረዱት። ቀዛፊዎቹን እንደገና ሰብስበው ሲነሡ መሽቷል።

ዓርብ ቀትር ላይ ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን ታስሮ ወደቡ ደረሰ። በላዩ ላይ ሙኒራ ነበረች። ሆስፒታል የተቀበለቻቸው እናትዓለም የምትባል ነርስ ናት፤ ሆዷን ዳሰሰች፣ የልብ ማዳመጫውን አኖረች፣ ቦታ እየለወጠች ደጋግማ አኖረች። ከዚያ ለዘይቱና «እሷን እናትርፍ» አለቻት። ሙኒራ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር፤ ቃሲም እንደነገረኝ ጠዋት ድረስ ሲንቀሳቀስ ይሰማት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሙኒራ አፏን ፈታች። ጋሽ መስዑድ ከአልጋዋ እግርጌ ቆመው ነበር፤ እጃቸው የአልጋው ብረት ላይ ነው።

«አባ፣ መልስ ሰጡን እኮ» አለች። «እኔም ቀና አድርገውኝ አየሁ። ነጭ ነበር። ብዙ ነጭ። እንዲህ ሁሉ ሰው መልስ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም።»

ዘይቱና ብርድ ልብሱን ሳበችላት፤ ሙኒራ ግን ቀጠለች።

«እምን ላይ ነው ያጠፋነው? እንጨቱ አጭር ነበር?»

«አጭር አልነበረም» አለ ቃሲም። «አንቺ ዝም በይ። አባትሽ በእረፍት ስለነበር ነው። አዲስ ሰው ነው ታች የነበረው፤ ደንቡን አያውቅም። አባትሽ ቢኖር ያቆሙ ነበር።»

ሙኒራ ዐይኗን ወደ አባቷ መለሰች። «አልነበርህማ?»

ዘይቱና ከአልጋው ማዶ ሆና ባሏን አየቻቸው። ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፣ ተው ለማለት። ቃሲም መሬት መሬት ያያል።

ጋሽ መስዑድ ነበርሁ ሊሉ ነበር። ነበርሁ ካሉ ለምን አላቆምህም ትላለች። እንዴት እንደማትዞር፣ ፎቁ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ጠባቡ ወገብ ምን እንደሚያደርግ ሊነግሯት ነው። ለጓድ ሀብተ ሥላሴ የተናገሩትን ሁሉ፣ ያው እውነቱን፣ ለእሷ ሊደግሙላት ነው።

«አልነበርሁም» አሉ።

«እኔም ብያለሁ» አለች ሙኒራ። ዐይኗን ጨፈነች።

ሰኞ ጓድ ሀብተ ሥላሴ ቃሉን ጠብቆ ጮራን ወደ ምዕራብ ዳር ላካት፤ ነገሩን ሲሰማ ቢሮው ውስጥ በር ዘግቶ ተቀምጦ ዋለ ይባላል። ፎቁን ግን አላፈረሰም፤ ሁለተኛ ልዑክ ሊመጣ ነበር። ጋሽ መስዑድም ሥራቸውን አልለቀቁም። ሌላ ሥራ አልነበረም፤ ቢኖርም አያውቁትም።

ሙኒራ ካገገመች በኋላ ወደ ባሏ ተመለሰች። ሐሙስ ሐሙስ ጮራ በጉማሬ በር ስታልፍ ዳር ላይ ትወጣለች አሉ፤ አባቷ ካለ ሰላም ልትለው። ጋሽ መስዑድ ከደቅ ሲያልፉ ታች ይወርዳሉ። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ረዳታቸው «ትንሽ ወጥተው ይናፈሱ እንጂ» ይላቸዋል። አይወጡም። በጠባቡ መስኮት በኩል ዳርቻው አልፎ እስኪያልቅ ድረስ፣ የማያስፈልገውን ብረት ዘይት ሲያጠጡ ይቆያሉ።